የባኞ ቤቱ ቧንቧና የእኔ ይሉኝታ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ሳል ተጨዋውተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ወጥተን ባኞ ቤት እንገባለን። ጉዳዩ ያረጀ የባኞ ቧንቧ ስለ መፍታት ነው። «ሲስተር፣ አንቺን ስለ ቧንቧ ምን አገባሽ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አገባኝ። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በሙቅ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን ወይም ባኞ ቤት ውስጥ የወደቀ አዛውንት ሳላይ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ነገሩ የራሴ ቤት ገባ።

ቤታችንን የሠራነው በ1981 ዓ.ም. ነው። ባኞውንም ቧንቧውንም ባለቤቴ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ፈልጎ አመጣቸው። ባኞው የብረት ነው፤ አራት ሰው አንገቱ እስኪገተር ተሸክሞ ነው ያስገባው። ቧንቧው ከነሐስ የተሠራ፣ በግራ የሙቅ፣ በቀኝ የቀዝቃዛ መዘውር ያለው ነው። ባለቤቴ በሙያው የመንገድ ሥራ ቴክኒሻን ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ እሱ ያልፈታው ብሎን፣ እሱ ያልቀየረው ጎማ የለም። ልጆቻችን ሲያድጉ ቧንቧ ሠራተኛ የሚባል ሰው ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይናገራል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አይጨብጥም። ከዚያ በፊትም ስኳር ነበረበት።

ቧንቧው ማንጠባጠብ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። «እኔ እሠራዋለሁ፤ ጎማው አልቆ ነው» አለ። «እሺ» አልኩ። ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር አለፈ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ውሃውን ወደ ጀሪካን እገለብጥ ነበር። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በአንድ ቀን ገደማ ይሞላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ሲባክን እያየሁ ዝም አልኩ። ቧንቧ ሠራተኛ ልጥራ ማለት «አንተ ከእንግዲህ አትችልም» ማለት መስሎ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሳላማክረው አንድ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ልጁ መጣ፣ አየ፣ ነካ ነካ አደረገና፣ «ማዘር፣ ይሄ ተሰብሮ ነው የሚወጣው። ግድግዳውም ሳይፈርስ አይቀርም» አለኝ። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ይሰማል። ምንም አልተናገረም። ምሳ ግን አልበላም። ልጁን «ሌላ ቀን እጠራሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት፤ አልጠራሁትም።

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ባለቤቴ ባኞ ውስጥ በላስቲክ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይታጠባል። የውሃው ድምፅ ረዘመብኝ። ሄጄ በሩን ስከፍተው ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። የሙቁን ውሃ መዘውር በግራ እጁ ይዞ ያዞራል፣ ያዞራል፤ መዘውሩ ጥርሱ ተበልቶ ባዶውን ይሽከረከራል። ቶሎ ብሎ መነሣት አልቻለም። ቀኝ እግሩ ውሃው በሚወርድበት ሥር ነው። «አይዞሽ፣ ብዙም አይሞቅም» አለኝ። እጄን ሰደድኩ። ያቃጥላል። እግሩ ግን አልተሰማውም። የላይኛው ቆዳ ቲማቲም መስሏል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እንደ ነርስ ልናገር። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው የእግሩ ነርቮች ሊደነዝዙ ይችላሉ፤ ትኩሱን ከቀዝቃዛው አይለይም። ስትሮክ የመታው አካልም እንዲሁ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሰው የውሃ ሙቀት በእግሩ መለካት የለበትም። በደህናው እጅ ክርን ይለካ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ይለካለት። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ውስጥ በጥልቀት ሊያቃጥል ይችላል። የሕፃናትና የአዛውንት ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይጎዳል። ለገላ መታጠቢያ 37 ወይም 38 ዲግሪ ይበቃል። ሁልጊዜም መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን ክፈቱ፤ ስትዘጉ ደግሞ መጀመሪያ ሙቁን ዝጉ።

ቃጠሎ ከደረሰ ቁስሉን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት። በረዶ አይሁን። ቀለበት፣ ካልሲ፣ ጠባብ ነገር ካለ እብጠቱ ሳይጀምር አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትንኩ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ከሆነ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ይታይ። የባለቤቴ እግር በየቀኑ እየታሸገ ለመዳን ስድስት ሳምንት ፈጀበት። ተረፈ። እኔ ግን በዚያ ስድስት ሳምንት የማልረሳውን ትምህርት ተማርኩ።

ማታ ቁስሉን ስቀይርለት፣ «ለምን ዝም አልሽኝ?» አለኝ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ቧንቧው። እንደማልችል እያየሽ።»

«አንተስ ለምን አልችልም አላልክም?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጤና ጣቢያ ሳለሽ የሰው ባል ቢሆን ‹ጋሼ፣ በዚህ እጅዎ ይህን አይሥሩ› ትዪ ነበር። እኔን ግን ፈራሽኝ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ስንቱን ታካሚ ስገሥጽ ኖሬ፣ በራሴ ቤት በሽታውን የምደብቀው እኔው ሆኜ ተገኘሁ። «ቅዳሜ እንፈታዋለን» አለ። «እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ትፈቺያለሽ።»

ቅዳሜ ሆነ። ባለቤቴ በበርጩማው ባኞ ቤት በር ላይ ተቀመጠ። የ12 ዓመቱ የልጅ ልጃችን የስልኩን ባትሪ ይዞ ቆመ። እኔ መፍቻ ያዝኩ። በዚያን ቀን የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መጠገን ወይስ መቀየር የሚለውን እንወስን። ውሃው የሚያንጠባጥበው ከአፉ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውስጡ ጎማ ነው፤ ጎማውን ብቻ መቀየር ይበቃል። ከመዘውሩ ሥር የሚወጣ ከሆነም የማሸጊያው ጉዳይ ነው፤ ይጠገናል። የቧንቧው አካል ከተሰነጠቀ፣ የመዘውሩ ጥርስ ከተበላ ወይም እንደኛ ቤት አቅም የሌለው እጅ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ሙሉውን መቀየር ይሻላል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ከግድግዳው በሚወጡት በሁለቱ ቀዳዶች መሐል ያለውን ርቀት ለኩ። አብዛኛው ከመሐል እስከ መሐል 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ፎቶም አንሥታችሁ ለባለሱቁ አሳዩት።

ከሥራው በፊት ባለው ምሽት አቼቶ የነከርነውን ጨርቅ በሁለቱ ዳዶዎች ላይ ጠቅልለን አሳደርን። ለዓመታት የተጋገረው ነጭ ኖራ ጠዋት ተልፈስፍሶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተፈቀፈቀ።

ጠዋት በቅድሚያ የቦይለሩን መብራት ከብሬከሩ አጠፋን። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ እንዲበርድ ጥቂት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ የልጅ ልጄ ወደ ቆጣሪው ሮጦ የውሃውን መዝጊያ ዘጋ። እኔም ሊቁ ነርስ ቧንቧውን ስከፍት ውሃው እንደ ቀድሞው ይፈሳል! ለካ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ አልተዘጋም። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ከሕመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሮቶ ያላችሁ ሁሉ ልብ በሉ፤ ቤታችሁ ውሃ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ይዘጋ። ከዚያም ቧንቧውን ክፈቱና የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ጠብቁ።

ቀጥሎ የባኞውን ማፍሰሻ በጨርቅ ወተፍን፤ ትንሽ ዳዶ እዚያ ከገባች አትመለስም። የባኞው ወለል ላይም አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍን። መፍቻ ከእጅ ካመለጠ ቀለሙን ይሸርፋል፤ የተሸረፈው ቦታ ደግሞ ይዝጋል።

አሁን መፍታት ነው። ቧንቧውን ግድግዳው ላይ የያዙት ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች ናቸው። ፊት ለፊት ስታዩአቸው ወደ ግራ ሲዞሩ ይላላሉ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ የለም፤ ይህን ግማሽ ዙር፣ ያንን ግማሽ ዙር እየተባለ ነው። ያለዚያ የቧንቧው ክብደት በአንድ ወገን ወድቆ ጥርሱን ያበላሻል። እኔ ስፈታ የልጅ ልጄ ቧንቧውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። «አባባ፣ ተንቀሳቀሰ!» እያለ በየደቂቃው ይጮሃል። ባለቤቴም፣ «ቀስ፤ ብረትም እንደ ሰው ነው፤ ካዋከቡት ይደነቅፋል» ይለዋል። ቧንቧው ወጣ። ከዳዶዎቹ ውስጥ የወጡት ጎማዎች ደርቀው እንደ ብስኩት ተፈረካከሱ።

ግድግዳው ላይ የቀሩት ሁለት ጠማማ ማያያዣዎች ናቸው። እነዚህ ከውስጥ ካለው ቱቦ ጋር በጥርስ የተያያዙ ስለሆኑ እነሱም ወደ ግራ ነው የሚፈቱት። የግራው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠጥቶ ከቆየ በኋላ እያጉረመረመ ወጣ። የቀኙ እምቢ አለ። ዘይት ጨመርን፤ ቡና ጠጥተን ተመለስን፤ እምቢ አለ። እልህ ያዘኝ። መፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ብረት አስገብቼ ልጫነው ስል ከግድግዳው ውስጥ «ቂጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«በቃ» አለ ባለቤቴ።

«ትንሽ ብቻ ቀረው።»

«በቃ አልኩሽ። ጤና ጣቢያ ሳለሽ ከአቅምሽ በላይ የሆነ ሲመጣ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ሪፈር እጽፍ ነበር።»

«እንግዲህ ጻፊዋ።»

መፍቻውን አስቀመጥኩ። ለታኅሣሡ ልጅ ደወልኩለት። «አልጠሩኝም ብዬ እኮ ተቀይሜ ነበር ማዘር» እያለ በዚያው ከሰዓት መጣ። ዓይቶም፣ «እንኳን አልታገሉት። የድሮ ብረት ቱቦ ነው፤ ከውስጥ ዝጎ ስስ ሆኗል። ቢገፉት ግድግዳው ውስጥ ይሰበር ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ፋዘር፣ ቱቦው ከላይ ነው የሚመጣው ከታች?»

ባለቤቴ በግራ እጁ ግድግዳው ላይ መሥመር አሠመረ። «የቀዝቃዛው ከወለሉ ነው የሚነሣው። እዚህ ጋ ይታጠፋል። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ይህቺን ሴራሚክ ብቻ አንሣ፤ ሌላውን አትንካ።»

ልጁ አንዲቱን ሴራሚክ አነሣ። መታጠፊያው ልክ እሱ ባለው ቦታ ላይ ነበር። የዛገውን መታጠፊያ ቀይሮ፣ ሲሚንቶ ለስኖ፣ «ነገ ይደርቃል» ብሎ ሄደ። ግድግዳው አልፈረሰም። ይፈርሳል የተባለውን ግድግዳ ያዳነው 37 ዓመት ባለቤቴ ጭንቅላት ውስጥ የቆየው መሥመር ነው። ታኅሣሥ ላይ እሱን ሳሎን አስቀምጬ ልጁን ብቻ ባኞ ቤት ባላስገባ ኖሮ፣ ያኔውኑ ይነግረው ነበር። እግሩም ባልተቃጠለ።

እሑድ ከሰዓት አዲሱን ገጠምን። ልጁ የግጥሚያውን ሥራ ለእኔና ለባለቤቴ ትቶ አጠገባችን ቆሞ ይመለከት ነበር። የግድግዳውን ጥርስ በደረቅ ብሩሽ አጸዳን። ጠማማዎቹ ማያያዣዎች ላይ ቴፍሎን ከ10 እስከ 15 ዙር ጠመጠምን። ጥርሱን ፊት ለፊት ስታዩት ቴፍሎኑ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠምጠም፤ በተቃራኒው ከሆነ ስታስገቡት ይገለበጣል። ሁለቱም ማያያዣዎች እኩል መውጣታቸውንና ቀጥ ብለው መስተካከላቸውን አየን። አዲስ ጎማ አስገብተን ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ብቻ በመፍቻ ጥቂት አጠበቅን። የመፍቻውን አፍ በጨርቅ መሸፈን አይረሳ፤ አዲሱ ቧንቧ በመጀመሪያ ቀኑ እንዳይጫር። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጎማውን ይቆርጠዋል።

ከዚያ ቧንቧውን ከፍተን ትተን የሮቶውንና የቆጣሪውን መዝጊያ ቀስ ብለን ከፈትን፤ አየሩ እየተፋ እንዲወጣ። ለጥቂት ደቂቃ ውሃው ዝገቱንና ቆሻሻውን ጠርጎ እንዲሄድ ለቀቅነው። ዘግተን በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት ጠቀለልን። ሶፍቱ ከረጠበ ያፈሳል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ደረቅ ነው። ቦይለሩን ያበራነው በሙቁ በኩል ውሃ ሳይቆራረጥ መውረዱን ካየን በኋላ ነው። ባዶ ቦይለር ማብራት የውስጡን ማሞቂያ ያቃጥላል።

የገዛነው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ነው። በአንድ ጣት ወደ ላይ ሲነሣ ይከፍታል፣ ሲጫን ይዘጋል፤ የመጨበጥ አቅም አይጠይቅም። አቅሙ ያላችሁ ሙቀቱን ራሱ የሚመጥነውን ዓይነት ብትገዙ የበለጠ ነው። የቦይለሩን ሙቀት እጅግ ዝቅ ማድረግ ግን አልመክርም፤ ውስጡ ጀርም እንዳይራባ 60 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ጥንቃቄው ውሃው በሚወጣበት በኩል ይሁን። ከባኞው ጎን የሚያዝ ብረት አስተክለናል፤ ከሥርም የማያንሸራትት ምንጣፍ አድርገናል።

አንድ ነገር ለአያቶች ልጨምር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙዎቻችን ባኞውን ሞልተን እናሳድራለን። ሕፃን ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላል፤ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። ውሃ ያለበት ባኞ ቤት በሩ ይቆለፍ። ውሃውን ክዳን ባለው በርሜል ማጠራቀም ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

አሮጌውን ነሐስ ቧንቧ ለቆራሌው ልሰጥ ስል ባለቤቴ ከለከለኝ። አሁን በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ በግራ እጁ እየፈታታው ነው። የልጅ ልጃችን ይይዝለታል፤ እሱ ያዞራል። ለጓሮው ቧንቧ መለዋወጫ ይሆናል ይላል። አንዳንድ ቀን አንዷን ብሎን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ትናንት አንዷ ስታስቸግረው ቀና ብሎ፣ «ነይ እስቲ ያዥልኝ፤ ይቺ ከእኔ አቅም በላይ ናት» አለኝ። ሄጄ ያዝኩለት።

ቤታችሁ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ፣ እናንተም የምታፍሩት ነገር ካለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በዚህ ሳምንት ተነጋገሩበት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።